ያልታየው ማስታወቂያ ስንት ዶላር ነው?

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች ከሻርጃም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከአሜሪካም ቢላኩም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ አድብሎከር (ማስታወቂያ እንዳይታይ የሚያግድ መሣሪያ) ዩቲዩበሩንና የድረ ገጽ ባለቤቱን ምን ያህል ይጎዳል? ዓምዱን በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ገንዘቡ በአሜሪካ ዶላር ነው።

ጥያቄ (ከሻርጃ)፦ የአገራችንን ምግብ አሠራር የማሳይበት የዩቲዩብ ቻናል አለኝ። በወር ወደ 200,000 ቪው አገኛለሁ፤ ተመሳሳይ ቪው ካላቸው የእንግሊዝኛ ቻናሎች ጋር ሳወዳድረው ግን የሚከፈለኝ በጣም ትንሽ ነው። ጓደኞቼ «ውጭ አገር ያለው ሁሉ አድብሎከር ይጠቀማል፤ ገንዘብሽ እዚያ ነው የሚቀረው» ይሉኛል። እውነት ነው? ስንት እንደማጣስ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ጓደኞችዎ ጥቂት እውነት ይዘዋል፤ መጠኑ ግን ከሚያስቡት ያንሳል።

አድብሎከር ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ባለ ብሮውዘር ላይ የሚጫን ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። ስልክ ላይ ባለው የዩቲዩብ አፕ ወይም ሳሎን በተሰቀለው ስማርት ቴሌቪዥን ላይ ኤክስቴንሽን የሚገባበት ቀዳዳ የለም። በራውተር ወይም በስልክ የዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) ማስተካከያ በኩል የሚሠሩ ማገጃዎች ደግሞ የሌሎች ድረ ገጾችን ማስታወቂያ ቢያቆሙም ዩቲዩብ ላይ አይሆንላቸውም፤ ማስታወቂያውና ቪዲዮው የሚመጡት ከአንድ ዓይነት የጉግል አድራሻ ስለሆነ አንዱን ዝጋ ሲባሉ ሌላውንም ይዘጉታል። በስልክ ብሮውዘር ገብቶ የሚያይ ሰው ማገድ ይችላል፤ በአፕ የሚያየው ግን አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ከተመልካቾችዎ ስንቱ በኮምፒውተር እንደሚያይ ነው።

ዩቲዩብ ስቱዲዮን በኮምፒውተር ይክፈቱ። አናሊቲክስ ውስጥ ይግቡና «አድቫንስድ ሞድ» የሚለውን ይጫኑ። ጊዜውን ያለፉት 90 ቀናት ያድርጉት፤ በማጣሪያው አሜሪካን ብቻ ይምረጡ፤ ከዚያ «ዲቫይስ ታይፕ» የሚለውን ይክፈቱ። ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ታብሌትና ኮምፒውተር ተለያይተው በመቶኛ ይወጣሉ። አገር ለይቶ ማየት የግድ ነው፤ ከአሜሪካና ከኢትዮጵያ የሚመጣ 1,000 ቪው በገንዘብ አይተካከልምና፣ የሁሉም አገር አማካይ ምንም አይነግርዎትም።

አሁን እናስላ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ በእርስዎ ይተኳቸው። ከ200,000 ቪው 40 በመቶው ከአሜሪካ ነው እንበል፤ 80,000። ከእነዚህ በኮምፒውተር ያዩት 12 በመቶ ናቸው፤ 9,600። ከኮምፒውተር ተመልካቾች ሲሶው አድብሎከር ቢኖረው 3,200 ቪው ያለ ማስታወቂያ አለፈ ማለት ነው። የአሜሪካው አርፒኤም፣ ማለትም ከ1,000 ቪው እርስዎ እጅ የሚገባው፣ 6 ዶላር ከሆነ ከአሜሪካ ያገኙት 480 ዶላር ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ 3,200ን በ6 ዶላር አባዝተው 19.20 ይላሉ። አርፒኤም የሚሰላው ግን የታገዱትንም ቪዎች ጨምሮ ነው። 480 ዶላሩን ያመጡት 76,800ዎቹ ብቻ ስለሆኑ የእነሱ እውነተኛ ዋጋ በ1,000 ቪው 6.25 ነው፤ የታጣውም 20 ዶላር። ልዩነቱ እዚህ ሳንቲም ይመስላል፤ ከግማሽ በላይ ተመልካቹ በኮምፒውተር የሚያይ የኮዲንግ ወይም የጌም ቻናል ላይ ግን ስሌቱን ያበላሸዋል።

ከ480 ዶላር ላይ 20 ዶላር። ይህን ከሌላው ቅናሽ ጎን ያስቀምጡት። ከ2021 ጀምሮ ጉግል ከአሜሪካ ተመልካቾች በሚገኝ ገቢ ላይ የአሜሪካን ግብር ይቆርጣል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት እዚያ ለሚኖር ሰው ተቆራጩ 30 በመቶ ነው፤ ከ480ው ላይ 144 ዶላር። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ላይ ይህ ቅናሽ አይታይም፤ የሚታየው የማስታወቂያ ገቢ በሚከፈልበት የጉግል አገልግሎት በአድሴንስ ውስጥ፣ የክፍያ ዝርዝሩ ላይ ነው። «ስቱዲዮ ይህን ያህል አለኝ፣ ባንክ የገባው ግን ያንሳል» የሚለው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ዳብሊው-8 ቤን የተባለውን የአሜሪካ የግብር ቅጽ ጨርሶ ካልሞሉ ደግሞ እስከ 24 በመቶ የሚቆረጠው ከአሜሪካው ብቻ ሳይሆን ከመላው ዓለም ገቢዎ ነው። ቅጹ ጊዜው ያልፍበታል፤ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ዛሬውኑ አድሴንስ ከፍተው የታክስ መረጃው «አፕሩቭድ» ማለቱን ይዩ።

ከእንግሊዝኛ ቻናሎች ጋር ያለው ልዩነት ሌላ ጉዳይ ነው። የማስታወቂያ ቦታ የሚሸጠው በጨረታ ነው፤ በአማርኛ ተመልካች ላይ የሚጫረት አስተዋዋቂ ጥቂት ነው፤ ጥቂት ተጫራች ባለበት ዋጋው ይወርዳል። አንዳንዱ ቪው ላይ ደግሞ ከነጭራሹ ማስታወቂያ አይቀርብም። ይህን አድብሎከር ላይ ማላከክ አይቻልም።

እርስዎ በእጅዎ ያለው የመሀል ማስታወቂያው አቀማመጥ ነው። ቪዲዮው 8 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሆነ መሀል ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ይፈቀዳል። ለዩቲዩብ በራሱ እንዲያስቀምጥ ከተዉት ልክ በርበሬው ስንት ማንኪያ እንደሆነ ሲናገሩ ሊቆርጥዎት ይችላል። በእጅዎ ያስቀምጡት፤ ለምሳሌ ለዶሮ ወጡ ሽንኩርቱ ድስት ገብቶ ክዳኑ በሚገጠምበት ቅጽበት። ተመልካቹም ያኔ የሚጠብቀው ነገር እንዳለ ያውቃል። 12 ደቂቃ ቪዲዮ ላይ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። በየሁለት ደቂቃው የተቋረጠበት ሰው ነው ሄዶ አድብሎከር የሚጭነው፤ ከጫነው በኋላ ደግሞ የእርስዎን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ያግዳል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ በሜጋባይት ጥቅል ስለምገዛ ማስታወቂያ ዳታዬን ይበላብኛል። ስለዚህ ዩቲዩብን በስልኬ ብሮውዘር ከፍቼ በአድብሎከር ነው የማየው። የማየው ለቻናሉ ባለቤት ይቆጠርለታል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ቪው ይቆጠርለታል (የማይቆጠርበትን ሁኔታ በሚቀጥለው መልስ እናያለን)፤ ገንዘብ ግን አያገኝበትም። ገና ሞኒታይዝ ላልሆነ ቻናል የእርስዎ ማየት ትልቅ ነገር ነው፤ ከማስታወቂያ ገቢ ለመጀመር 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ሰዓቱ ላይ ማስታወቂያ ታየ አልታየ የሚል መስፈርት የለም።

የዳታው ስሞታ ተገቢ ነው። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ የ15 ሴኮንድ ማስታወቂያ ወደ 1.9 ሜጋባይት ይሄዳል፤ በቀን አሥር ቢያዩ 19 ሜጋባይት ከኪስዎ ወጣ። ዋይፋይ ባለበት ቦታ አድብሎከሩን አጥፍቶ ማየት ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ረጃጅም የታሪክ ቪዲዮዎች እንሠራለን። በኦገስት 2025 ቪዋችን ድንገት ወረደ፤ ላይኩና ገቢው ግን እንዳለ ነው። ከአንድ ስፖንሰር ጋር ያለን ውል በቪው ብዛት የተመሠረተ በመሆኑ ሂሳባችን ተቀነሰ። ምን ተፈጠረ?

መልስ፦ ብዙ ቻናሎች ላይ በዚያው ሰሞን የታየ ነገር ነው፤ የወረደውም በዋናነት ከኮምፒውተር የሚመጣው ቪው ነበር።

ቪው የሚቆጠረው ቪዲዮው ስለተጫወተ ብቻ አይደለም። ብሮውዘሩ ቪዲዮውን እያጫወተ ጎን ለጎን ወደ ዩቲዩብ የመቁጠሪያ አድራሻ አጫጭር መልእክት ይልካል፤ ቆጣሪው የሚያውቀው እነዚያን ነው። አድብሎከሮች ደግሞ በራሳቸው አያስቡም፤ በጎ ፈቃደኞች በሚያዘጋጁት የማጣሪያ ዝርዝር ይመራሉ። ኢዚሊስት የሚባለው ዝርዝር ማስታወቂያን ይመለከታል። ኢዚፕራይቬሲ የሚባለው ደግሞ መከታተያዎችን ያግዳል፤ ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለውን ታዋቂ አድብሎከር የጫነ ሰው ሳያውቀው አብሮት ያገኘዋል። እንዲህ ባለ ዝርዝር ውስጥ የመቁጠሪያው አድራሻ ከገባ ቪዲዮው ያለ እንከን ይጫወታል፤ መልእክቱ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ዩቲዩብ ራሱ በሴፕቴምበር 2025 ባወጣው ማብራሪያ አድብሎከርና መሰል መሣሪያዎች የሚታየውን የቪው ቁጥር ትክክለኛነት ሊነኩ እንደሚችሉ ተናግሯል።

ገቢው ለምን አልወረደም? ከቆጠራው የወጡት ሰዎች ድሮም ማስታወቂያ የማያዩት ስለነበሩ ነው። ይህ አንድ የሚያታልል ነገር ይፈጥራል። በ100,000 ቪው 300 ዶላር ያገኝ የነበረ ቻናል ቆጣሪው 90,000 ሲያሳየው አርፒኤሙ ከ3.00 ወደ 3.33 ይወጣል። ያየ ሰው «የማስታወቂያ ዋጋ ጨመረ» ይላል፤ የጨመረ ነገር የለም።

ለስፖንሰሩ የሚያሳዩት ማስረጃ ይህ ነው፦ አድቫንስድ ሞድ ላይ ጁላይ 2025ን ከሴፕቴምበር 2025 ጋር በዲቫይስ ታይፕ አስተያይታችሁ ስክሪንሾት አንሱ። የስልክና የቴሌቪዥን ቪው ባለበት ሆኖ የኮምፒውተሩ ብቻ ከወረደ፣ የላይክና የኮሜንት ቁጥሩም ካልተነካ፣ ተመልካች አልሸሸም። ሁሉም በእኩል ከወረደ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ አድብሎከር ላይ አትለጥፉት፤ ስፖንሰሩም ይህን ሰንጠረዥ ማንበብ ይችላል።

በሚቀጥለው ውል ክፍያውን በአንድ ቪዲዮ ቪው ላይ አታንጠልጥሉት። ግማሹ ቪዲዮው ሲወጣ የሚከፈል ቋሚ ዋጋ ይሁን፤ ቀሪው በማስተዋወቂያ ኮድ በተገዛው ዕቃ ብዛት ይለካ። ኮዱን አፍ ላይ ቀላል፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ሲጻፍ የማያሳስት አድርጉት፤ ብዙ ሰው ሊንኩን አይጫንም፣ ሰምቶ ነው የሚጽፈው። ዲስክሪፕሽን ላይ ያለው ሊንክ በመከታተያ አድራሻ በኩል የሚያልፍ ከሆነ አድብሎከር ያለው ደንበኛ ሲጫነው ባዶ ገጽ ሊገጥመው ይችላል፤ ስለዚህ የስፖንሰሩን ቀጥተኛ አድራሻም ከሥሩ ጨምሩ።

ስፖንሰርብሎክ ስለሚባለው ኤክስቴንሽንም ልትሰሙ ትችላላችሁ። በቪዲዮው ውስጥ እናንተ ራሳችሁ የምታነቡትን ማስታወቂያ ዘሎ ያልፋል። የሚሠራው ግን ሌላ ተመልካች «ከ4 ደቂቃ ከ10 እስከ 5 ደቂቃ ከ20 ማስታወቂያ ነው» ብሎ ምልክት ካደረገበት ብቻ ነው፤ ምልክት ያላደረጉበት ቪዲዮ ላይ ዝም ይላል። የስፖንሰሩን መልእክት ከታሪኩ ጋር ካያያዛችሁት፣ ለመቁረጥም ለመዝለልም ይከብዳል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የጨረታና የክፍት የሥራ ቦታ መረጃ የምናወጣበት ድረ ገጽ አለን፤ ገቢያችን ከአድሴንስ ነው። ጉግል አናሊቲክስ በቀን 1,000 ጎብኚ ይላል፤ ሆስቲንጉ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት አገልግሎት) 2,600 ይላል። የትኛውን እንመን? አድብሎከር ያለውን ሰውስ ገጹን እንዳያይ ብንከለክለውስ?

መልስ፦ ሁለቱም የሚቆጥሩት ሌላ ሌላ ነገር ነው። ሆስቲንጉ ሰርቨራችሁን ያንኳኳውን ሁሉ ይመዘግባል፤ የጉግልና የሌሎች መፈለጊያዎች ሮቦቶች፣ ይዘት የሚገለብጡ ፕሮግራሞችም አሉበት። አናሊቲክስ ደግሞ በጎብኚው ብሮውዘር ውስጥ በሚሠራ ትንሽ ኮድ ነው የሚቆጥረው፤ ከላይ እንዳልነው አድብሎከሮች እሱንም ያግዱታል። እውነቱ በሁለቱ መሀል ነው። የእናንተ ዓይነት ገጽ ደግሞ ቢሮ ውስጥ በኮምፒውተር የሚታይ ስለሆነ ከምግብ ቻናሉ ይልቅ ለአድብሎከር የተጋለጠ ነው።

ለመለካት ቀላሉ ዘዴ ማጥመጃ ነው። ድረ ገጹን የሠራላችሁ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ራሳችሁ ሰርቨር ላይ ስሙ «አድስ» ተብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንዲት የጃቫስክሪፕት ፋይል ትቀመጣለች፤ ሥራዋ አንድ ምልክት ማስቀመጥ ብቻ ነው። የማጣሪያ ዝርዝሮቹ ይህን ስም ሲያዩ ማስታወቂያ መስሏቸው ያግዱታል። ገጹ ተጭኖ ሲያልቅ ምልክቱ ካለ «ሀ» የተባለች፣ ከሌለ «ለ» የተባለች የአንድ ፒክሰል ምስል ይጠራል። ሁለቱም ስም ማስታወቂያን የሚያስታውስ ቃል አይኑርበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰርቨሩ ሎግ (የጉብኝት መዝገብ) ላይ «ሀ» ስንት ጊዜ፣ «ለ» ስንት ጊዜ እንደተጠራች ትቆጥራላችሁ። አብዛኛው ሮቦት ጃቫስክሪፕት ስለማያስኬድ ከቆጠራው በራሱ ይወጣል።

ቆጠራውን የሚያበላሸው ካሽ (ብሮውዘሩ ፋይሎችን ለሌላ ጊዜ የሚያስቀምጥበት ቦታ) ነው። ምስሎቹን ብሮውዘሩ ካስቀመጣቸው ያው ሰው ተመልሶ ሲመጣ ሰርቨሩን አይጠይቅም፤ ቁጥሩ ይጎድላል። ፋይሎቹ ካሽ እንዳይደረጉ ሰርቨሩ ላይ ይታዘዝ። ኮዱንም ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን ታዋቂ የአድብሎከር ማወቂያ ቀድታችሁ አትለጥፉ፤ እነዚያ ራሳቸው ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል።

«ለ» 30 በመቶ ከሆነች፣ አድሴንስ የሚከፍላችሁ በ70ው ላይ ነው። ሂሳቡ ከ100 ዶላር በታች ከሆነ ክፍያ ወደሚቀጥለው ወር ስለሚተላለፍ፣ የአድብሎከር ጉዳት ለትንሽ ድረ ገጽ መጀመሪያ የሚታየው በክፍያው መዘግየት ነው፤ በየወሩ ይመጣ የነበረው በየሁለት ወሩ ይሆናል።

መከልከሉን አንመክርም። ጨረታ እኮ በጋዜጣም፣ በቴሌግራም ቻናልም፣ በሌላ ድረ ገጽም ይወጣል። በሩን የዘጋችሁበት ሰው አድብሎከሩን ከማጥፋት ይልቅ ገጻችሁን ዘግቶ ይሄዳል፤ ያኔ ሊንኩን ለሌላ ሰው የሚልክላችሁንም አጣችሁ።

የተሻለው መንገድ የማስታወቂያ ቦታውን በቀጥታ መሸጥ ነው። ጨረታ ለሚከታተል ሰው ዋስትና ሰጪው፣ የማኅተምና የሕትመት ቤቱ፣ የሒሳብ አዋቂው፣ የግንባታ ዕቃ አስመጪው ሁሉ ደንበኛ ይፈልጋል። ምስሉ እናንተው ሰርቨር ላይ ይቀመጥ፤ ክብደቱ ከ150 ኪሎባይት አይብለጥ፤ ዋጋው በወር ይሁን እንጂ በክሊክ አይሁን። የፋይሉ ስም ላይ «ባነር»፣ «አድ»፣ «ስፖንሰር» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላትና እንደ 728 በ90 ወይም 300 በ250 ያሉ የተለመዱ መጠኖች አይጻፉ፤ ማጣሪያው በስም ብቻ ይይዘዋል። ምስሉን ያቀፈው ሳጥን በኮዱ ውስጥ የተሰጠው ስምም እንደዚሁ። ከምስሉ በላይ ግን «ማስታወቂያ» የሚል ቃል በግልጽ ይጻፍ፤ የምትሸሹት ማጣሪያውን እንጂ አንባቢውን መሆን የለበትም። አንባቢን የማይከታተል፣ የማይዘልል፣ የማይጮኽ አንድ የቆመ ምስል ላይ የሚማረር ሰው አላጋጠመንም ማለት ይቻላል።

አንድ ተጨማሪ በር አለ። አድብሎክ ፕላስ የተባለው ሌላው አድብሎከር ከ2011 ጀምሮ «ተቀባይነት ያላቸው ማስታወቂያዎች» የሚል ፕሮግራም አለው፤ መስፈርቱን ያሟላ ማስታወቂያ ሳይታገድ ያልፋል። ጽሑፉን መሀል ላይ እንዳይቆርጥ፣ ማስታወቂያ መሆኑ እንዲታወቅ፣ ገጹ ሲከፈት ከሚታየው ክፍል 15 በመቶ፣ ከዚያ በታች ካለው ደግሞ 25 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ክፍያ የሚጠየቁት በፕሮግራሙ ምክንያት በወር ከ10 ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ ዕይታ የሚያገኙ ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው፤ ለእናንተ ዓይነቱ ነጻ ነው። ዩብሎክ ኦሪጅን ግን ይህን ፕሮግራም አይቀበልም፤ እሱን የሚጠቀም ጎብኚ ዘንድ አይሠራላችሁም።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ሥራ ቦታ በላፕቶፕ ስለምሠራ አድብሎከር አለኝ፤ አላጠፋውም። ግን የምወዳቸውን የአማርኛ ቻናሎች መጉዳት አልፈልግም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አያፍሩበት። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ራሱ በዲሴምበር 2022 በሐሰተኛ የፍለጋ ማስታወቂያ የሚፈጸም ማጭበርበር ስለበዛ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ አድብሎከር እንዲጠቀሙ መክሯል። የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤትም በ2018 አድብሎክ ፕላስን ከከሰሰው አሳታሚ ጋር አልተስማማም።

ቀላሉ ነገር ለዩቲዩብ ብቻ ማጥፋት ነው። ዩብሎክ ኦሪጅን ከሆነ፣ ዩቲዩብ ተከፍቶ እያለ ምልክቱን ይጫኑና ትልቁን የማብሪያ ማጥፊያ ምልክት ይንኩ፤ ገጹን እንደገና ይጫኑት። የሚጠፋው እዚያ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው ቦታ እንደታገደ ይቆያል።

ማስታወቂያ ጨርሶ ማየት ካልፈለጉ በቀጥታ ይክፈሉ። ተመልካች ለቻናሉ ባለቤት ገንዘብ በሚሰጥበት የዩቲዩብ አገልግሎት በሱፐር ታንክስ 5 ዶላር ቢሰጡ 70 በመቶው፣ 3.50 ዶላር፣ ለባለቤቱ ይደርሳል። አርፒኤሙ 5 ዶላር ለሆነ ቻናል ይህ የ700 ቪው ዋጋ ነው፤ ማለትም በየቀኑ አንድ ቪዲዮ ከነማስታወቂያው ቢያዩ ሁለት ዓመት የሚጠጋ። በአይፎን አፕ ውስጥ ሲከፍሉ በአፕል ድርሻ ምክንያት ዋጋው ሊጨምር ስለሚችል በብሮውዘር ገብተው ይክፈሉ። ዩቲዩብ ፕሪሚየም (ያለ ማስታወቂያ የሚታይበት የክፍያ አባልነት) ካለዎት ደግሞ ምንም ማድረግ አያስፈልግዎትም፤ ከአባላት ክፍያ 55 በመቶው፣ አባላቱ እያንዳንዱን ቻናል ባዩበት ሰዓት ልክ ይከፋፈላል። ረጅም ቪዲዮ ከፍተው እስከ መጨረሻ ማየትዎ ለባለቤቱ ገንዘብ ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ቴሌግራም ላይ «ማስታወቂያ የሌለው ዩቲዩብ» ተብሎ የሚላከውን ኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል) መጠቀም ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ከእነዚህ ታዋቂው ቫንስድ በማርች 2022 በጉግል የሕግ ጥያቄ ተዘግቷል፤ በስሙ ዛሬም የሚዞረውን ማን እንደሠራው አይታወቅም። አፑ ውስጥ በጉግል አካውንት ሲገቡ የመግቢያ ፈቃድዎን ለማያውቁት ሰው ፕሮግራም እየሰጡ ነው። ቻናል ያለው ሰው በተለይ በቻናሉ አካውንት ፈጽሞ እንዳይገባ። አስቀድመው ከገቡ ጉግል አካውንት ውስጥ «ሴኩሪቲ» ላይ የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ይዩ፤ የማያውቁትን ያስወጡ፤ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ያብሩ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ «ማስታወቂያውን ተጫኑልኝ፣ ስኪፕ አታድርጉብኝ» ማለት ይፈቀዳል?

መልስ፦ «ተጫኑልኝ» በፍጹም። የአድሴንስ ደንብ ተመልካችን ማስታወቂያ እንዲጫን መገፋፋትን ይከለክላል፤ የተጠራቀመው ገቢ ተቀንሶ ለአስተዋዋቂው ይመለሳል፤ ከበዛም አካውንቱ ይዘጋል። የዘመድ ቤት ስልኮችን ሰብስቦ ማስጫንም ያው ነው፤ ሲስተሙ ከሚያውቃቸው ነገሮች የመጀመሪያው ይህ ነው።

ስኪፕን በተመለከተ፣ በቪው የሚከፈልበት ማስታወቂያ ከሆነ አስተዋዋቂው የሚከፍለው ተመልካቹ 30 ሴኮንድ ወይም ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻ ካየ ነው፤ በታየ ብዛት የተገዛው ግን ቢዘለልም ይከፈልበታል። የትኛው እንደሆነ ተመልካቹም እርስዎም አታውቁም። ስለዚህ ልመናው የሚያመጣው ጥቂት፣ የሚያሰለቸው ብዙ ነው። «አድብሎከር ካላችሁ ለዚህ ቻናል አጥፉልኝ» ብሎ አንድ ጊዜ፣ በቪዲዮው መጨረሻ መናገር ግን ክልከላ የለበትም።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ ክሮም አድብሎከርን ከልክሏል ሲባል ሰማሁ። የዩቲዩበሮች ገቢ ይጨምራል ማለት ነው?

መልስ፦ አልከለከለም፤ አቅሙን ቀንሶታል። ማኒፌስት ቪ3 የተባለው አዲሱ ደንብ ኤክስቴንሽኖች እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው እያዩ እንዳያግዱ አድርጎ፣ አስቀድመው ባስመዘገቡት የሕግ ዝርዝር ብቻ እንዲሠሩ ያስገድዳል። በዚህ ምክንያት ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን በ2025 ክሮም ላይ ተቋርጧል፤ «ላይት» የሚባለው ቀላሉ ቅጂ ግን ይሠራል። ፋየርፎክስ ሙሉውን እንደያዘ ነው። ዩቲዩብም በ2023 ሦስት ቪዲዮ ካዩ በኋላ የሚያግድ ማስጠንቀቂያ ሞክሮ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ በመላው ዓለም አስፋፍቶታል፤ ማጣሪያ አዘጋጆቹም በየጊዜው መላ ያበጁለታል። አንዱ ሳምንት ገቢው ትንሽ ከፍ ብሎ ሌላው ሳምንት ቢመለስ አይገረሙ፤ በዚህ ተማምኖ ግን ስቱዲዮ የሚሆን ቤት መከራየት አይገባም።